ኪኒን ቀዷ የለውም

የሐናን አባት፣ አንተ ባለህበት ሰላም ይሁን፤ እኔ ባለሁበት ግን ሰላም የለም፣ የነሳኸኝም አንተው ነህ። ከተለየኸን ዓመት ሞላህ። ባለፈው ረመዳን ነበር አፈር ያለበስንህ፣ ይኸው ሌላው ረመዳን ገብቶ አጋመስነው። ሰው እንዲህ ሊናገር ሲል «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ብሎ ይጀምራል። እኔን ግን ያድርገኝ። በቁምህ ስናገርህ «አቦ ተይኝ እስቲ» እያልክ ታቋርጠኝ ነበር፤ ዛሬ አታቋርጠኝም፣ ቁጭ ብለህ ትሰማለህ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ፣ እሱን ካልሰማህ ልብህ አያርፍም። ልጃችን ሐናን ደህና ናት። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የአንድ የስፌት መስመር ኃላፊ አድርገዋታል፤ እንዳንተ ሰው መምከር ስለምትወድ ሥራው ተስማምቷታል። «ነገ እሠራዋለሁ» እያልክ ያኖርከኝን ቬንትሌተር ሰው ጠርቼ አሠራሁት። የላላው ብሎን ነው። ያ ሁሉ በጋ በአንዲት ብሎን ምክንያት ስንቀቀል ኖረናል፣ ጉድ እኮ ነው። የቀፊራ ገበያውን መደብም አልለቀቅኩም። ቁንዶ በርበሬውንም፣ እርዱንም፣ ድንብላሉንም እኔው እሸጣለሁ። ደንበኞችህ መጀመሪያ ሰሞን «ጀማል እኮ ይመርቅልን ነበር» እያሉ ሊያሳቅቁኝ ሞክረው ነበር፣ አሁን ለምደውኛል። በርበሬ ግቢ ውስጥ በወንፊት መንፋት ግን ቀርቷል፤ ወፍጮ ቤት አልቆ፣ ታሽጎ ነው የሚመጣው። ይሄን አንተ ሳለህ ስንት ጊዜ ለምኜህ ነበር።

የቤቱ ይሄ ነው። የጻፍኩልህ ግን ስለ ኪኒንህ ነው። አዎ፣ አሁንም ስለዚያው ስለ ኪኒንህ። አንተ ሞተሃል፣ ማዘዣህ ግን አልሞተም፤ ሰፈራችን ውስጥ ዛሬም ሰው ይታከምበታል።

አስሙ ሲብስብህ ጤና ጣቢያ ይዤህ የሄድኩት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ሐኪሟ ያለችውን አልረሳሁም። ሁለት መድኃኒት ሰጠችህ። አንዱ በአፍ የሚሳበው ነው፤ ትንፋሽ በድንገት ሲያጥርህ እሱን ተጠቀም አለችህ። ሌላው ቴዎፊሊን የሚሉት ኪኒን ነው፣ የደረትን ቧንቧ ከፈት አድርጎ የሚያቆይ። ይሄ ቀስ እያለ ቀኑን ሙሉ እንዲሠራ የተዘጋጀ ነው፤ ሳትሰብረው፣ ሳትፈጨው፣ ጠዋትና ማታ በሰዓቱ ዋጠው፤ በራስህ አትጨምር፤ ልብህ ከመታ፣ እጅህ ከተንቀጠቀጠ ወይም ካስመለሰህ ቶሎ ና አለችህ። አንተም አንገትህን እየነቀነቅክ «ሃዬ፣ ሃዬ» ስትል ዋልክ። አነቀናነቅህን ያየ ሰው ቁርኣን የሚቀራ ደረሳ ነው የሚልህ።

ቤት ስንደርስ የሚሳበውን ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፍክበት። ሰው ፊት አፌን ከፍቼ አልስብም፣ ይሄ ለሚሞት ሰው የሚሰጥ ነው አልክ። ኪኒኑን ደግሞ መደብህ ድረስ ወስደህ፣ ቁንዶ በርበሬ በምትወቅጥበት ሙቀጫ አድቅቀህ በሻይ ጠጣኸው። ቶሎ እንዲሠራ ነው አልከኝ። ሃያ ዓይነት ቅመም ስትወቅጥ የኖርክ ሰው ስለሆንክ ያልተወቀጠ ነገር ጣዕም የሚሰጥ አይመስልህም። ሐኪሟ አትፍጨው ብላለች ስልህ፣ እሷ ስለ ሙቀጫ ምን ታውቃለች አልከኝ።

በዚህ ብታበቃ ጥሩ ነበር። ከሰዓት በርጫ ላይ ስትቀመጡ ጎንህ ያለው ሰው ሳል ካለ፣ እንደ ጫቱ ሁሉ ኪኒኑንም «ጀባ» ትለዋለህ። ጀባ የተባለ ሰው ደግሞ እምቢ አይልም፣ ነውር ነው። ታደሰ፣ ያ ከባቡር ጋራዡ ጡረታ የወጣው ጓደኛህ፣ አስም ይኑረው አይኑረው ሳይታወቅ ካንተ እጅ እየተቀበለ ስንት ዋጠ። ጫቱ ልብን ያስሮጣል፣ ኪኒኑም ልብን ያስሮጣል፤ እናንተ ደግሞ ሁለቱን ይዛችሁ ተቀምጣችሁ «ዛሬ ምርቃናው እንዴት ደስ ይላል» ትላላችሁ። «ዶክተር ጀማል» ብለው ስም ሲያወጡልህ ደስ አለህ። እኔ ሻይ እያቀረብኩ በሆዴ ስንቴ ያ ረቢ እንዳልኩ እኔና አላህ ነን የምናውቀው።

ከዚያ ረመዳን መጣ፣ ያ የፈረደበት ቀዷህም አብሮ መጣ።

ያመለጠህን ሶላት ቀዷ አድርገህ ትሰግዳለህ፣ ያመለጠህን ጾም ቀዷ አድርገህ ትጾማለህ፤ ይሄን ሕፃንም ያውቀዋል። አንተ ግን የጠዋቷን ኪኒን በጾም ምክንያት ስትዘል «በፍጥር ላይ ቀዷዋን አወጣለሁ» ብለህ ሁለቱን አንድ ላይ ወሰድክ። የትናንቷንም ከረሳህ ሦስት። እሺ፣ ሱሁር ላይ ተነስተህ አንዷን ብትውጥስ? ሱሁር ላይ የሚነሳ ሰው መቼ ነበርክ! አልጋው ላይ ሆነህ ቴምር አፍህ ውስጥ አስገብቼልህ ነው የምትጾመው። ይሄ ነገር ከየትኛው ኪታብ ነው፣ እስቲ ሼኹን ጠይቅ ስልህ፣ አንቺ ሴትዮ ልፈወስ ባልኩ ምን አደረግኩሽ ብለህ ተቆጣኸኝ።

በዚያው ሰሞን ደግሞ ሲያተኩስህ ታይፎይድ ነው ብለውህ ሌላ ኪኒን ይዘህ መጣህ። ለሰጠህ ሰው የአስም መድኃኒት እንደምትወስድ ነግረኸዋል? ብዬ ጠየቅኩህ። «ስለ ታይፎይድ ጠየቀኝ እንጂ ስለ አስም አልጠየቀኝም» አልከኝ። አይ አንተ! ዛሬም ይቺን ሳስብ ሳቅም ልቅሶም አንድ ላይ ይመጡብኛል።

የሆነውን አንተው ታውቀዋለህ። በፍጥር ላይ ቀዷህን አወጣህ፣ ከተራዊህ መልስ ጫትህን ይዘህ ተቀመጥክ፣ ከዚያ ማስመለስ ጀመረህ፣ ልብህ መያዣ አጣ። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስንህ እንጂ አላተረፍንህም። እዚያ የነበረው ሐኪም ምን ምን ይወስድ ነበር ብሎ ጠየቀኝ። ኪኒኑን፣ ሙቀጫውን፣ ጫቱን፣ የታይፎይዱን፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ብዕሩን አስቀመጠ። ደረቱም የታመመ ሰው ነበርና ይሄ ብቻ ነው ብዬ መማል አልችልም አለኝ፤ ነገር ግን አንዳንድ የታይፎይድ መድኃኒት ይሄን ኪኒን ከሰውነት ቶሎ እንዳይወጣ ያደርገዋል፣ ደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ በዚያ ላይ ተፈጭቶ፣ በዚያ ላይ ተደራርቦ፣ በዚያ ላይ ጫት፤ ልቡ ይሄን ሁሉ አልቻለም አለኝ።

ለቅሶ ላይ ይሄን ስናገር ማን ይስማኝ። ሁሉም «አጀሉ ደርሶ ነው» አለ። አጀልማ የአላህ ነው፣ እኔ በአላህ ሥራ አልገባም። አጀልህን በሙቀጫ መውቀጥ ግን ማን አዘዘህ?

እንግዲህ አሁን ወደ እህትህ ልምጣልህ፣ ዋናው ጉዳዬ እሷ ናት። እናታችሁ ስትሞት ያሳደገችህ አዴ ሩቅያ፣ ከአጥር ወዲያ ያለችው፣ እሷም እንዳንተው ደረቷ ያፏጫል፣ ለእሷም ያንኑ ኪኒን አዘውላታል። ካንተ ቤት ለማስታወሻ ምን ልስጥሽ ብላት ጋቢህን አላለች፣ ኮፍያህን አላለች፤ ሙቀጫውን ወሰደች። «ወንድሜ እጁ ያረፈበት ነው» አለችኝ። ምን ልበላት? ሰጠኋት።

ከዚያ ወዲያ አንተ በሕይወት ሳለህ እንደዋዛ የተናገርከው ሁሉ ለእሷ ኑዛዜ ሆነ። ጀማል ወቅጠሽ ጠጪው ብሎኛል። ጀማል ሲከብድሽ ጨምሪበት ብሎኛል። ረመዳን ሊገባ ሲል፣ ሻዕባን ላይ ሄጄ ሻይ ስትቀዳልኝ ብርጭቆው ሳህኑ ላይ እየተንቀጫቀጨ ነው የደረሰኝ። እጅሽ ይንቀጠቀጣል ብላት ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ፈገግ ብላ «መድኃኒቱ መሥራቱ ነው፣ ጀማል ነግሮኛል» አለችኝ። ወላሂ በዚያች ሰዓት መቃብርህ ድረስ ሄጄ ብነዘንዝህ ደስ ባለኝ ነበር።

ያላደረግኩት ነገር የለም። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አኮረፍኳት። ሐናን ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አንብባ ተረጎመችላት፤ ወረቀት ወንድሜን አያውቀውም አለች። ታደሰን ላክሁባት። እሱ ካንተ ሞት በኋላ ደንግጦ ተመርምሯል፤ ሳሉ አስም እንኳ አልነበረም፣ ሌላ የሳምባ ሕመም ሆኖ ተገኝቶ አሁን ትክክለኛ መድኃኒቱን ይወስዳል፣ ካንተ የተቀበለውንም ኪኒን ጠቅልሎ ለጤና ጣቢያ መልሷል። ይሄን ሁሉ ሲነግራት ሰምታ ሰምታ፣ አንተ ኦርቶዶክስ ነህ፣ ስለ ቀዷ ምን ታውቃለህ ብላ ሸኘችው። ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው። የሕያው ሰው ቃል የሙትን ቃል አይረታም፤ ሙት አይሳሳትም፣ ሙት አይከራከርም፣ ሙት ሁልጊዜ ደግ ነው። አንተ ደግሞ ከሞትክ ወዲህ እንዴት ያለ ደግ ሰው ሆነሃል መሰለህ!

ረመዳን ሲገባ እሷም እንዳንተው ቀዷዋን ማውጣት ጀመረች። ፍጥር ላይ ፊቷን እያየሁ ሾርባዬን ትቼ የምትወስደውን ኪኒን እቆጥር ነበር። ሁለተኛ ሬሳ ከዚያ አጥር ወዲያ ሲወጣ ይታየኛል። እሷ የምትሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም አንተ ነህ፣ አንተ ደግሞ የለህም።

በህልሜ መጥቶ ተይው ብሎሻል ልበላት እንዴ ብዬም አስቤ ነበር። ሐናን ናት የመከረችኝ። ግን ያላዩትን ህልም አየሁ ማለት ትልቅ ወንጀል ነው፤ ባንተ ጥፋት እኔ ጀሀነም ልግባ? እምቢ አልኩ። ይልቅ በየፍጥሩ ዱዓዬ ላይ አንድ ነገር ጨመርኩ። ያ አላህ፣ ይሄን ሰውዬ አንዴ ወደ እህቱ ህልም ላክልኝ አልኩ። ራሱ ያበላሸውን ራሱ ያስተካክል። በየቀኑ ለመንኩ። አንተም እንደልማድህ ዘገየህ። በሕይወትህ ቀፊራ ለሽንኩርት ተልከህ ከሰዓት የምትመለስ ሰው፣ ሞተህ ትፈጥናለህ ብዬ መጠበቄም የኔ ሞኝነት ነው።

ያለፈው ሳምንት ዓርብ ጠዋት አዴ ሩቅያ አጥሩን ተሻግራ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። ጀማልን አየሁት አለችኝ። ያችን በርበሬ የበላት ሽርጥህን ታጥቀህ፣ በሯ ላይ ቆመህ፣ ሰላም እንኳ ሳትላት እጅህን ዘርግተህ «ሙቀጫዬን» ብለሃታል። ሰጠችህ። ብብትህ ሥር ሸጉጠህ ዞር ሳትል ሄድክ። ሙት በህልም ሲሰጥ እንጂ ሲወስድ ደግ አይደለም ይባላል፣ አንተም ታውቃለህ። ስለዚህ ሊወስደኝ ነው ብላ ከፈን ግዙልኝ ልትል ነው የመጣችው።

እኔ ደግሞ ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። ያንን ሁሉ ቀን የለመንኩት ነገር በእግሩ ገብቶ ቤቴ ሲቆም እንዴት አላውቀው?

«አዴ ሩቅያ፣ አንቺን ሊወስድ ቢፈልግ አንቺን ይወስድ ነበር» አልኳት። «የወሰደው ሙቀጫውን ነው።»

ተመልሳ ሄዳ ሙቀጫውንና የቀረውን ኪኒን በሻሽ ጠቅልላ አመጣችና ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሐሳቧን ሳትቀይር በዚያችው ቅጽበት ባጃጅ ጠርቼ ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ እጄን ይዛ ነበር፤ ልቧ እስከ ጣቷ ድረስ ሲመታ ይሰማኝ ነበር።

ያችው ያንተ ሐኪም ናት ያየቻት። የልቧን ምት ሰማች፣ ደም አስመረመረች፣ ኪኒኑ በዝቶባታል ብላ ለጊዜው አስቆመችው፤ እዚያው አስተኝተው ተከታተሏት። ሲሻላት የሚሳበውን እንዴት እንደምትስበው ፊቷ ቆማ አሳየቻት። አዴ ሩቅያ በመጨረሻ አንድ ጥያቄ አለኝ አለች። ያመለጠችኝ ኪኒን ቀዷዋስ? ሐኪሟ ቀዷ ምን እንደሆነ አላወቀችም፣ እኔ አስረዳኋት። ልትስቅ አለችና የሁለታችንን ፊት አይታ ተወችው።

«እማማ፣ ኪኒን ቀዷ የለውም» አለቻት። «ያመለጠው አመለጠ። ቀጣዩን በሰዓቱ ብቻ ይውሰዱ። ሰዓቱ ከጾም ጋር አልሄድ ካለ ረመዳን ሳይገባ እኛ ጋ ይምጡ፣ እኛ እናስተካክላለን።»

እስኪሻልሽ አትጹሚ ስትባል አለቀሰች። ሼኹ ዘንድ ወስጄ አስጠየቅኳት፤ በሽተኛ ሲድን ይጾማል፣ ይሄ የታወቀ ነው አሏት። ይኸውልህ እንግዲህ የሐናን አባት። ጾሙ ቀዷ ነበረው፣ ኪኒኑ አልነበረውም። አንተ ገልብጠህ ያዝከው። ቀዷ ያለውን አልተውም ብለህ፣ ቀዷ የሌለውን ቀዷ ስታወጣ ሄድክብኝ። ይሄን አስበው እስቲ፣ ጊዜ አለህ።

አሁን አዴ ሩቅያ ደህና ናት። እጇ አይንቀጠቀጥም። የሚሳበውን ሰው ፊት አውጥታ ትስባለች፤ ትናንት ጎረቤት ፍጥር ላይ እንኳ ስባ ሴቶቹን ሁሉ አስደነገጠቻቸው። ለራስ ምታት ኪኒን ስትገዛ እንኳ፣ እኔ የአስም ሰው ነኝ፣ ይሄን እወስዳለሁ ብላ የመድኃኒቷን ካርቶን አውጥታ ታሳያለች። ሙቀጫው እኔ ዘንድ ነው። አጥቤ አጥቤ ድንብላል እወቅጥበታለሁ፤ ከድንብላል በቀር ምንም አይገባበትም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፣ እሱን ልናገረውና ልጨርስ።

ገጠር፣ ዋሂል ለሰርግ የሄድንበትን ታስታውሳለህ? አዲስ ሙሽሮች ሆነን፣ ሽንኩርት የጫነ መኪና ላይ ከጆንያው በላይ ተቀምጠን። ያኔ ትንፋሽህ ሙሉ ነበር፤ መንገዱን ሁሉ ስታወራ ደረስን። በኋላ ደረትህ ማፏጨት ሲጀምር ደግሞ መምጣትህን ከበር ላይ በእሱ አውቅ ነበር። ያናድደኝ ነበር፣ ግን «መጣ» እል ነበር። አሁን ቬንትሌተሩም ተሠርቶ አይንጫጫም፣ የሚያፏጭም የለም። ቤቱ ጸጥ ብሏል። እንዲህ ያለ ጸጥታ አልፈልግም።

እህትህ ዘንድ መጣህ። ጥሩ አደረግክ፣ አላህ ይስጥህ፣ አተረፍካት። እኔ ዘንድ ግን ዓመት ሙሉ አንድ ሌሊት እንኳ አልመጣህም። ሽርጥህን ያጠብኩ እኔ፣ ቴምሩን ያጎረስኩህ እኔ፣ ያ ሁሉ ዱዓ የኔ፤ እሷ አየችህ፣ እኔ አላየሁህም። እንዴት አስችሎህ ነው? ለእህትህ እየለመንኩ ለራሴ መለመን አፍሬ ነው እንጂ፣ አፌ ላይ ነበርክ።

ከእንግዲህ አላፍርም። ድንብላል በወቀጥኩ ቁጥር አነሳሃለሁ፣ በየፍጥሩ አነሳሃለሁ፣ በቁጣም ቢሆን አነሳሃለሁ፤ ስምህ ከዚህ ቤት አይወጣም። አንተም በበኩልህ ያሉብህን ሌሊቶች አስብ። ቀዷ ማውጣት ትወድ የለ? እንግዲያው እኔ ዘንድ ያልመጣህባቸውን ሌሊቶች ቀዷ አውጣልኝ። ይሄኛውን ሁለትም ሦስትም አንድ ላይ ብታደርገው ማንም አይሞትም።

ሚስትህ፣
የሐናን እናት